የኪሮሽ ልብስ የለበሰው ሞተር

ሞተር ሳይክል የገዛሁት የአውቶቡስ ሰልፍ ስለመረረኝ ነው እያልኩ ለሰው አወራ ነበር። ውሸት አይደለም፤ ሙሉ እውነትም አይደለም። ቀበና ወንዝ አፋፍ ላይ ከነበረችው ባለ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤቴ እስከ መሥሪያ ቤቴ ፈጠን ብሎ ለሚራመድ ሰው በእግር የሚደረስ መንገድ ነው። የገዛሁት እሁድን ፈርቼ ነው።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እኔም እንደ ሰው ነበርኩ። ሥራ አለ፣ የውይይት ክበብ አለ፣ የሸማቾች ሱቅ ሰልፍ አለ፤ ሰልፍ ላይ ቢያንስ ከፊትህ የሰው ጀርባ፣ ከኋላህ የሰው ትንፋሽ ይኖራል። እሁድ ግን ከቀበሌ ስብሰባ በኋላ እኔን የሚፈልግ አንድም ሰው አልነበረም። ወላጆቼን በልጅነቴ አጥቻለሁ፤ ያሳደገችኝ አክስቴም አገር ቤት ካረፈች ቆይታለች። ጎረቤት አትጠይቅም ወይ እንዳትሉኝ፣ በዚያ ዘመን ሰው ሰው ቤት አይመላለስም፤ ከተመላለሰ ምን ሲዶልቱ ነው ይባላል። ስለዚህ እሁድ እሁድ ሸሚዞቼን አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ የተኮስኩትን ደግሜ እተኩሳለሁ። አንድ እሁድ አንገትጌው ተቃጠለብኝና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለሸሚዙ እንዳልሆነ ይገባኝ ነበር። ሞተር ማፈላለግ የጀመርኩት በማግስቱ ነው።

ሞተር ያን ጊዜ ሱቅ ገብተህ መርጠህ የምታወጣው ነገር አይደለም። የሚሸጥ ካለ ንገሩኝ እያልኩ በመሥሪያ ቤቱ ሳስወራ የንብረት ክፍሉ ሹም አስጠሩኝ። ጋሼ ነበር የምንላቸው፤ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ካርኒ ሳያዩ እርሳስ የማይሰጡ ሰው ናቸው። ቤታቸው ካራ ነው። ከአባታቸው እርሻ ከተማ ገብተው የቀሩ፣ እቤታቸው ኦሮምኛ፣ ከደጅ አማርኛ የሚነጋገሩ ቤተሰብ ናቸው። ከግቢው ጥግ ወስደው አቆሙኝና ግራ ቀኙን አዩ።

«ሞተር አለ። የልጄ ነው» አሉኝ።

ልጃቸው ወደ ሰሜን መዝመቱን ሁላችንም እናውቃለን። «ሲመለስ ምን ሊሉት ነው ታዲያ?» አልኩ፣ ለጨዋታ ያህል።

ጋሼ አልሳቁም። «አይመለስም» አሉ።

ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩኝ። አብሮት የነበረ ወታደር ፈቃድ ወጥቶ በዚህ ሲያልፍ፣ እቤት መግባት ፈርቶ መሥሪያ ቤት ድረስ መጥቶ አርድቷቸዋል። ያወቁት እሳቸው፣ የሚስታቸው ወንድምና ሁለት የዕድር ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። እናቲቱ አልሰሙም። ደም ግፊት አለባቸው፤ በዚያ ላይ ሴት ልጃቸው የመጀመሪያዋን ነፍሰ ጡር ሆና እቤት ናት። ሽማግሌዎቹም ልጅቷ በሰላም ተገላግላ ከአራስ ቤት እስክትነሳ መርዶው ይቆይ ብለው ወስነዋል። ይህ እኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። ለመርዶ ቀን ይመረጥለታል፤ እስከዚያ ያወቀ ሰው በሆዱ ይዞት ይበላል፣ ይጠጣል፣ ከመጣበትም ይስቃል።

«ታዲያ አሁን ለምን ይሸጡታል?» አልኳቸው።

«ጠዋት ጠዋት ትወለውለዋለች። ከዚያ ባትሪው እንዳይሞትበት አስነሳው ትለኛለች። አስነሳለሁ። ሲጮህ ፊቷ ይፈካል። እኔ ግን...» አሉና ወደ ንብረት ክፍሉ በር አዩ። «ከግቢዬ ይውጣልኝ።»

ውላችን እንዲህ ነበር። ሊብሬው በስሜ ይዞራል፤ ሞተሩ የኔ ነው። እናቲቱ የሚያውቁት ግን ቆሞ እንዳይበላሽ የልጃቸው ጓደኛ እየነዳ ሊያቆይለት መውሰዱን ነው። አልፎ አልፎ አምጥቼ አሳያቸዋለሁ። «እኔ በል እስክልህ ድረስ ደግሞ» አሉ ጋሼ ጣታቸውን አንስተው፣ «አንዲት ነገር እንዳትለውጥበት። ቀለም አትንካ። ድምፁን አትንካ። እንዳለ።»

እሺ አልኩ። የሰው ሐዘን አሳዝኖኝ ብቻ አይደለም፤ ሞተሩን ስለፈለግኩት ነው። ልጅ መውለድ ደግሞ ስንት ጊዜ ይፈጃል ብዬ ነበር።

ሞተሩን ሳየው ነው ምን ውስጥ እንደገባሁ የገባኝ። እኔ በንድፍ ክፍል መስመር ሳሰምር የምውል ሰው ነኝ። መስመሬ ቀጥ፣ እርሳሴ ሹል ነው፤ ሞተር ሲታሰበኝም ጥቁር፣ ጸጥ ያለ፣ ምንም ያልተንጠለጠለበት ነው። የጠበቀኝ ሌላ ነው። የቤንዚን መያዣው አረንጓዴ ተቀብቶ ንስር ተሥሎበታል፤ ንስሩ በደንብ ካላዩት ዶሮ ነው የሚመስለው። ከመሪው ግራና ቀኝ ቀይ የሱፍ ዘርፍ ይወዛወዛል። ማርሚታውን ባለቤቱ በሚስማር በሳስቶት፣ ሲነሳ የካራ ውሻ ሁሉ ተነስቶ አብሮ ይጮሃል። ከሁሉም የባሰው ወንበሩ ነው። ነጭ የኪሮሽ ልብስ ለብሷል፤ መሐሉ ላይ ቀይ ጽጌረዳ ያለበት፣ ዙሪያው ዳንቴል የሆነ፣ የሙሽራ ቤት ሶፋ ላይ የሚነጠፍ ዓይነት።

«እኔ ነኝ የሠራሁለት» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። እማማ ነበሩ። አጠር ያሉ፣ ሳቃቸው ከንግግራቸው የሚቀድም ሴት ናቸው። አገላብጠው አዩኝ። «ስላንተ ግን አላወራኝም። የት የት ነው የምትተዋወቁት?»

«ከሥራ ጋር በተያያዘ ነው እማማ» አልኩ። ጋሼ ደረቅ ሳል ሳሉ።

«እሺ፣ ስማኝ ልጄ። ልብሱን በፈላ ውሃ እንዳታጥበው፣ ቀዩ ነጩን ያበላሻል። ዝናብ ሲመጣ ገፈህ ኮትህ ውስጥ አድርገው። ዶቅዶቄውንም አታሩጠው፣ እሱ በማሮጥ ነው ያስቸገረኝ።» ከዚያ አስነሳሁት፤ ውሻው ሁሉ ጮኸ፤ እማማም በሁለት እጃቸው ጆሯቸውን ይዘው ሳቁ። ከበሩ ስወጣ በኦሮምኛ «ነጋን ገሊ» አሉኝ። ጋሼን በማግስቱ ስጠይቃቸው በሰላም ቤትህ ግባ ማለት ነው አሉኝ።

ቀበና ስገባ ያየሁትን አበሳ ልንገራችሁ። ድልድዩ አጠገብ ጋራዥ የነበረው መካኒክ ከመኪና ሥር ተንፏቆ ወጣና ሞተሩን ዞሮ አየው። «ሙሽራው! ሚዜዎችህ የት ቀሩ?» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ሙሽራው ሆነ። ሻይ ቤቱ ደጅ የሚቀመጡት ሰዎች ሳልፍ ያጨበጭባሉ። በሥራ ቦታ ደግሞ አንዷ የታይፕ ጸሐፊ «ለቤትዎ ነው ወይስ ለሞተርዎ ነው የሚያገቡት?» አለችኝ። በዚያው ሳምንት ከአንድ ዕቃ ሻጭ ተለማምጬ አንድ ቆርቆሮ ጥቁር ቀለም ገዛሁና አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩ። ፈቃዱ በመጣ ሰዓት የምጀምርበትን ቅደም ተከተል ሁሉ አስቤ ጨርሻለሁ፦ መጀመሪያ ዘርፉ፣ ከዚያ ማርሚታው፣ ከዚያ ዶሮው።

መካኒኩ ለምን እንደማልጀምር አልገባውም። እኔም ምስጢር አላወጣም፤ ስለዚህ «ገና አልተላመድንም» እለዋለሁ። እሱ ደግሞ በቁም ነገር ይቀበለኛል። «ልክ ነህ። ሰው ሞተር በገዛ ማግስት መቆራረጥ ይጀምራል፣ ከዚያ ሲቆጨው ወደ እኔ ይመጣል። መጀመሪያ ንዳው። ምን እንደሚጎድለው ራሱ ይነግርሃል።» በዚህ አነጋገሩ ብዙ ጊዜ በልቤ ስቄበታለሁ። ሞተሩ ምንም አልጎደለውም ነበር፤ ትርፉ ነው ያስቸገረኝ።

የመጀመሪያው እሁድ ካራ የሄድኩት ግዴታዬን ለመወጣት ነው። ሁለተኛው እሁድም እንደዚያው። በሦስተኛው ግን የቀበሌው ስብሰባ ሲራዘም ሰዓቴን ደጋግሜ ሳይ ራሴን ያዝኩት። ከመገናኛ አልፌ ላምበረት ስደርስ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ከኮተቤ በኋላ ቤቱ እየሳሳ ማሳ ይጀምራል፤ በስተግራ የእንጦጦ ሰንሰለት ከነባሕር ዛፉ አብሮህ ይሄዳል። መንገዱ ወደ ደሴ የሚወጣው ነው። ሸራ የለበሱ ካሚዮኖች ተከታትለው ወደ ሰሜን ያልፋሉ፣ ከኋላቸው የተቀመጡት ልጆች እጃቸውን ያወዛውዙልኛል። የጋሼ ቤት ከዚያው አስፋልት ዳር ነው። ካራ መዞሪያው ጋ ስደርስ እማማ የሞተሩን ጩኸት ስለሚሰሙ፣ በሩ ዘንድ ስደርስ ከፍተው ይቆማሉ። እኔን በር ከፍቶ የጠበቀኝ ሰው ስለመኖሩ ከዚያ በፊት ትዝ አይለኝም።

ሞተሩን በመጀመሪያ ይመረምሩታል፤ ዘርፉን ይቆጥሩታል ብል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ አሬራ ይሰጡኛል፣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ያቀርቡልኛል፣ እሳቸው ኪሮሻቸውን ይዘው ፊት ለፊቴ ይቀመጡና ስለ ልጃቸው ያወራሉ። ዶሮ ፈሪ እንደነበረ፤ ጠላ ጠምቀው ሳይጣራ እንደጠጣባቸው፤ ማርሚታውን የበሳሳ ዕለት የቀበሌ ዘብ መጥቶ «ይህ የአብዮቱን ጸጥታ ያደፈርሳል» ብሎ እንደከሰሰው፣ ከዚያ ዘቡ ራሱ አንድ ዙር ልንዳ ብሎ እንደለመነ። እስቃለሁ። ሴት ልጃቸው ሆዷን ደግፋ ትስቃለች። ጋሼ ለምን እንደሚነሱ ሳይናገሩ ተነስተው ወደ ጓሮ ይሄዳሉ።

አንድ ቀን እማማ «አንተስ ምን ትዝ ይልሃል?» አሉኝ።

አላየሁትም እኮ። በሕይወቴ አላየሁትም። «ሲስቅ» አልኩ ግራ ገብቶኝ፣ «ድምፁ ከሩቅ ይሰማል።»

ኪሮሹ እጃቸው ላይ ቆመ። «አዎ! በእናቴ ነው የወጣው!» አሉ። ዐይናቸው በራ። እኔ ያንን ዕለት ሙሉ ፈራሁ፤ ማታ ግን አልጋዬ ላይ ሆኜ ልጁን ሳስበው በትክክል ሲስቅ ሰማሁት። ጓደኛ አልነበረኝም፤ የነበረኝ አንድ ጓደኛ እሱ ሆነ፤ እሱም ሞቷል።

የክረምቱ ዝናብ ቆሞ አደይ ሲፈነዳ እማማ ፈራ ተባ እያሉ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ልጃቸው በዶቅዶቄው ላፈናጥጥሽ እያለ ስንቴ ለምኗቸው፣ ሰው ይስቅብኛል ብለው እምቢ ብለውታል። አሁን ግን ተወልደው ያደጉበትን ከካራ በላይ ያለውን ጋራ ማየት አምሯቸዋል። «እሱ ሲመጣ ፈሪ ነሽ እንዳይለኝ እስቲ ካንተ ጋር ልልመደው» አሉኝ። ጋሼን አየኋቸው። ጋሼ መሬት መሬት አዩ።

ነጠላቸውን በወገባቸው አጥብቀው በጎን ተቀመጡ፤ ራሳቸው የሠሩት ጽጌረዳ ላይ። ወገቤን የያዙበት አያያዝ ጉድጓድ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ዓይነት ነው። መንደሩን ስናቋርጥ ሴቱ ሁሉ እልልታውን አቀለጠው። ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ እያለከለከ ወጣ፤ ባሕር ዛፉ መሐል ስንገባ ጩኸቱ በዛፎቹ መካከል እየተጋጨ ይመለስብናል፤ እማማ ከኋላዬ አንዴ «ኧረ በስመ አብ!» ይላሉ፣ አንዴ ይስቃሉ። አፋፉ ላይ አቆምኩ። ከታች ካራ፣ ከዚያ ማሳው፣ ከዚያ የደሴ መንገድ እየቀጠነ ሄዶ ለገጣፎ ጋ ይጠፋል። ካሚዮኖቹ እንደ ጉንዳን ተሰልፈው ይጓዙበታል።

«በዚህ ነው የሄደው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ።»

«ሲመጣም በዚሁ ነዋ።»

ካንዴላውን የማይ መስዬ አጎነበስኩ። እማማ መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው መንገዱን ረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ለኔ እሁድ እሁድ የሚሉኝን ለመንገዱ አሉት፤ «ነጋን ገሊ።» ጮክ ብለው አይደለም። ቁልቁል ስንወርድ ሞተሩን አጥፍቼ ነው በፍሬን ያወረድኩት፤ ያንን ድምፅ ከዚያ በኋላ መስማት አልቻልኩም ነበር። አሁን ጋሼ የተሰማቸው ገባኝ።

ከዚያ እሁድ በኋላ የፈቃዱን ቀን መጠበቅ ትቼ መፍራት ጀመርኩ። መርዶው ሲነገር ምን እንደሚሆን በግልጽ ይታየኛል። የሚወዱኝ በልጃቸው ምክንያት ነው፤ ጓደኛው ነኝ፣ ጠባቂው ነኝ፣ እስኪመጣ ነኝ። እሱ እንደማይመጣ የታወቀ ዕለት እኔም አልመጣም። የልጅቷ ሆድ እየገፋ ሲሄድ ሰው ሁሉ በሰላም ይገላግልሽ ሲል፣ እኔ አብሬ አሜን እያልኩ በልቤ ትቆይ እል ነበር። ለእማማ አዝኜ አይደለም። ለራሴ ነው።

ልጅቷ ሴት ልጅ ወለደች። ወሬው መሥሪያ ቤት ሲደርስ ጋሼን ሁሉም እየሳመ እንኳን ማርያም ማረችልዎ አላቸው፤ እሳቸውም ፈገግ እያሉ አመሰገኑ። በዚያ እሁድ ገንፎ በላሁ፤ እማማ ሕፃኗን አቅፈው ወደ ሞተሩ አስጠጓትና «ይቺ ያጎትሽ ናት፣ ሲመጣ ያንፈላስስሻል» አሏት። ከዚያ በኋላ የነበሩትን እሁዶች አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ፤ ጥቂት ናቸው።

ልጅቷ ክርስትና አስነስታ ከአራስ ቤት ወጣች። አንድ ቀን ጋሼ ጠረጴዛዬ ዘንድ መጡና «ነገ ማለዳ ነው» አሉኝ። «ጓደኛው ስለሆንክ ብትቀር ጥሩ አይሆንም። ሞተሩን ግን እንዳታመጣው።»

ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ተነሳሁ። ሞተሩን ኮተቤ ለማውቀው የነዳጅ ማደያ ዘበኛ ሰጥቼ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። ጉም ነበር፤ ከእንጦጦ የወረደው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ሰዎቹ የሚስትየው ወንድም ቤት ተሰብስበዋል፤ ጋቢ ለብሰው፣ ድምፅ ሳያሰሙ። ሲነጋጋ ተያይዘን ሄድን። ያንን ያህል ሰው ኮቴው እንኳ አልተሰማም።

እማማ ተነስተው ደጁን እየጠረጉ ነበር። ቀና ሲሉ አዩን። ሰው ማለዳ ተሰብስቦ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ እሳቸውም ያውቃሉ። መጥረጊያው ከእጃቸው ወደቀ። ፊታችንን በተራ ማየት ጀመሩ፤ ወንድማቸውን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ጎረቤቶቹን፤ እኔ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ ከኋላዬ ወደ በሩ አዩ። ወደ አስፋልቱም አዩ። ሞተሩ የለም።

«ሰበርከው?» አሉኝ።

አንገቴን ደፋሁ።

ፈጠን ብለው መጥተው ሁለቱን እጆቼን ያዙኝ። «ምንም አይደል። ምንም አይደል ልጄ፣ ብረት ነው፤ ብረት ይገዛል። ለዚህ ብለህ ነው ይህን ሁሉ ሰው አማላጅ ይዘህ የመጣኸው? እሱን እኔ እነግረዋለሁ፣ አይቆጣህም። አንተ ደህና ነህ? ተጎዳህ እንዴ?» እያሉ ክንዴን፣ ትከሻዬን፣ ፊቴን ዳበሱ።

ማልቀስ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ሥርዓቱ እንደዚያ አልነበረም፤ አንድ ሽማግሌ ነበር መናገር የነበረበት። እማማ እንባዬን አዩት፤ ከዚያ ዞረው ጋሼን አዩ። ጋሼ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ጣሉ። የቀረውን አልጽፈውም።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ እስኪፈርስ አልተለየሁም። ውሃ ቀዳሁ፣ አግዳሚ ተሸከምኩ፣ እንግዳ ተቀበልኩ። ሰው ሁሉ «ጓደኛው ነው» እያለ እኔንም ያጽናናኝ ነበር፤ እጄን ይዘው እግዜር ያጥናህ ሲሉኝ ተቀበልኩ። አልዋሸሁም መሰለኝ። ለአክስቴ ያላለቀስኩትንም እዚያ ነው ያለቀስኩት።

የመጨረሻው ዕለት እማማ ጠሩኝ። ፊታቸው ከስቶ ሌላ ሰው ሆነዋል።

«ሊብሬው በስምህ መሆኑን ጋሼህ ነገረኝ። አልተቀየምኩህም። ለኔ ብላችሁ ነው» አሉኝ። «ግን ልጄ፣ ለውጠው። ቀለሙንም፣ ድምፁንም። በዚህ በመንገድ ባለፈ ቁጥር መጣ ብዬ ብድግ እላለሁ። መሞቱን እያወቅሁ ብድግ እላለሁ። ሁለተኛ እንዳላውቀው አድርገህ ለውጠው።»

«እሺ እማማ። እኔስ... እሁድ ልምጣ?»

«ና እንጂ» አሉ። ሲሉ ግን አላዩኝም።

በቀጣዩ እሁድ በአውቶቡስ ሄድኩ። እማማ ገና ሲያዩኝ ማልቀስ ጀመሩ፤ ተነስቼ እስክሄድ አላቆሙም። ከዚያ ወዲያ በሄድኩበት ቀን ልጅቷ ሕፃኗን አዝላ በሩ ላይ ተቀበለችኝ። ጥሩ ልጅ ናት፣ ለመናገር ብዙ ተቸገረች። «አንተን ካየች በኋላ እህል አትቀምስም። ጥቂት ጊዜ ስጣት» አለችኝ። ገባኝ ብዬ ተመለስኩ፤ እውነትም ገብቶኛል። ካራ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ብዙ ሰው ነበር፤ አሬራና የተቀቀለ ድንች የለመደ ሆዴ ሲጮህ እንዳይሰማ ወደ ዳር ሄጄ ቆምኩ።

ሞተሩን ወደ መካኒኩ ወሰድኩት። «በመጨረሻ! ነገረህ ወይ የሚጎድለውን?» አለኝ። ነገረኝ አልኩት። ዘርፉን ራሴ ፈታሁት። የቀለሙን ቆርቆሮ ስንከፍተው ላዩ ቆዳ ሠርቶ ነበር፤ መካኒኩ በቢላ ገፎ ጣለውና ከሥር ያለውን አማሰለው። ንስሩን ሲቀባው ዞር አልኩ። የተበሳሳውን ማርሚታ ነቅሎ ሌላ አሠረበት፤ ሲያስነሳው እንደ ልብስ ስፌት መኪና ሆነ። የወንበሩን ልብስ እማማ እንዳሉት በቀዝቃዛ ውሃ አጠብኩና ለጋሼ መሥሪያ ቤት ይዤ ሄድኩ። ጋሼ አልተቀበሉኝም፤ «እቤት አላስገባውም፣ ካንተ ጋር ይሁን» አሉ። እስካሁን ድረስ እኔ ዘንድ ነው ያለው። ሻይ ቤቱ ደጅ ሳልፍ ማንም አላጨበጨበም። ጥቁር፣ ጸጥ ያለ፣ ምንም ያልተንጠለጠለበት ሞተር ነበር፤ ልክ እንዳሰብኩት።

ጊዜ ሰጠኋቸው። ብዙ ሰጠኋቸው። በሚቀጥለው በጋ አንድ እሁድ ከቀበሌ ስብሰባ ስወጣ ሞተሩ ራሱ ወሰደኝ ማለት ይቀላል፤ መገናኛ፣ ላምበረት፣ ኮተቤ። ካራ መዞሪያው ጋ ስደርስ ከልማድ የተነሳ ጆሮዬ ውሻ ጠበቀ። አንድም አልጮኸም።

እማማ ከበሩ ውጪ ጥላ ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ። ሕፃኗ አድጋ ጉልበታቸውን ይዛ ቆማለች። ፊታቸው ሞላ ብሏል፤ ለሕፃኗ የሆነ ነገር እያሉ ይስቁ ነበር። ሳቃቸው ከንግግራቸው ይቀድማል። ልቆም ነበር የመጣሁት፤ ፍሬኑን በእግሬ ነካሁት፣ ሞተሩ ቀስ አለ። እማማ ቀና ብለው አዩ። ማንም መንገደኛ በሚታይበት ዐይን አዩኝና፣ ነጠላቸውን አንስተው የሕፃኗን ፊት ከሞተሩ ጭስ ሸፈኑ።

እግሬን ከፍሬኑ አነሳሁ። አላወቁኝም። እንዳሉት አድርጌ ለውጬው ነበር።